አርባ ሦስት ምሰሶ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሕንፃዎች ለምዝገባ ተሰልፈው አየሁ።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ቆጠርኩት፤ ሥራዬ ስለሆነ በሕልሜም እቆጥራለሁ። አርባ ሦስት የትምህርት ቤት ሕንፃዎች አንዱ ከሌላው ኋላ፣ ቆርቆሯቸውን ታጥበው፣ በረንዳቸውን ሰብስበው ቆመዋል። እያንዳንዱ በመስኮቱ ሰነድ ይዟል፤ የልደት ካርድ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የምስጥ ክትባት ማስረጃ። ከሰልፉ ፊት ረጅም ጠረጴዛ አለ። መዝጋቢዎቹ ልጆች ናቸው፤ ትልቁ አሥር ዓመት ቢሞላው ነው። እግራቸው መሬት አይደርስም፤ ማኅተሙ ግን በእጃቸው ነው።

«ቀጣይ!» አለ አንዱ።

አንድ ሕንፃ መሠረቱን እየጎተተ ወደ ፊት ተራመደ።

እኔም ሰልፉ ውስጥ ነበርኩ። በቀኝ ብብቴ አንድ ጥቅል ፕላን፣ በግራ ብብቴ ሌላ ጥቅል ይዣለሁ። ስለ ጥቅሎቹ አስቀድሜ ልናገር፤ እነርሱ ሕልም አይደሉምና።

ይኄይስ እባላለሁ። በዞናችን የትምህርት ቤት ሕንፃ ንድፍ አዘጋጃለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አርባ ሦስት ትምህርት ቤት ነድፌያለሁ ብል ውሸት ይሆናል፤ አንዱን ትምህርት ቤት አርባ ሦስት ጊዜ ገልብጫለሁ። አራት ክፍል በአንድ መስመር፣ ከፊት በረንዳ፣ በአንድ ክፍል ሰማንያ ልጅ። ስታንዳርድ ይባላል። ሰባተኛው የተሠራው እኛ ሰፈር ነው፤ ልጄ ናርዶስ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው እዚያ ነው። በቀኝ ብብቴ ያለው ይህ ስታንዳርድ ነበር። በግራዬ ያለውን ግን ማንም አላዘዘኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜና እሑድ እየተቀመጥኩ የነደፍኩት ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ከባለቤቴ በስተቀር ያየው ሰው የለም። ከወንዙ ማዶ ለሚሠራው አዲስ ትምህርት ቤት ከሁለቱ አንዱን ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ለኮሚቴው ማቅረብ አለብኝ። ሕልሙን ያየሁት ለሐሙስ አጥቢያ ነው።

ወደ ሰልፉ ልመለስ። ሰልፉ ካለበት ግቢ በር ላይ የናርዶስ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ቁምጣ ለብሰው ቆመዋል።

«ምነው ጌታው?» አልኳቸው።

«ወላጅ አምጣ ተብዬ ነው» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

«ምን አጥፍተው?»

«አንዱን ልጅ ‹አንተ ባለ ቀይ ሹራብ› ብዬ ጠራሁት። ስም አለው አሉኝ። እኔ ምን ላድርግ? ሦስት መቶ ሃያ ናቸው እኮ!»

ወዲያው እናታቸው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ደረሱ፤ የልጃቸውንም ጆሮ ያዙ።

«አንተ ልጅ! ዛሬም አመልህን አልተውክም?»

«እማማ» አለች በር ጠባቂዋ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። «እርስዎም በስሙ ይጥሩት።»

እናትየው ቆም ብለው አሰቡ። አሰቡ፣ አሰቡ። «ቆይ እስቲ፣» አሉ፤ «ስምንት ናቸው የወለድኳቸው።»

ተራው ከፊቴ ለነበረው ሕንፃ ደረሰ። አወቅኩት። ሃያ ሁለተኛው ነው፤ በስተ ምሥራቅ ያለችው ሁለተኛዋ መስኮቱ አትዘጋም።

«ስንት ልጅ ትይዛለህ?» አለችው የፊት ጥርሷ የወለቀ መዝጋቢ።

«ሦስት መቶ ሃያ» አለ ሕንፃው ደረቱን ነፍቶ። ከግድግዳው ትንሽ ልስን ረገፈ።

«ስንቱን ታውቃለህ?»

«ሁሉንም! ከተራ ቁጥር አንድ እስከ ሰማንያ፣ አራት ጊዜ።»

«በስም ነው የጠየቅኩህ።»

 የሕንፃው ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚያደርገው ተንጣጣ።

«አንዱን አውቃለሁ» አለ በመጨረሻ። «እንድርያስ ይባላል። በሚስማር ግድግዳዬ ላይ ስሙን ጽፎ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ገረፉት። እኔንም ቀለም ቀቡኝ። ከቀለሙ ሥር ግን አሁንም አለ።»

መዝጋቢዋ ውጤቱን ጻፈች፤ ከአርባ ሦስት አርባ ሦስተኛ። ከሥሩም «ጠባዩ ጥሩ ነው፤ ወደፊት ይበርታ» አለችበት። ከእርሱ በፊት ያለፉት ሃያ አንዱም አርባ ሦስተኛ ነው የወጡት።

ከኋላዬ አንድ ሰው ጎኔን ነካኝ። ዘወር ስል አለቃዬ ኢንጂነር ዋሴ ናቸው። ክራቫታቸውን አስረዋል፤ ደብተራቸውን ግን በማዳበሪያ ከረጢት አንጠልጥለዋል።

«ይኄይስ፣» አሉ በሹክሹክታ፤ «የቀኙን ስጣቸውና እንገላገል። አትፈላሰፍ።»

«ኢንጂነር፣ የቀኙ እኮ እየወደቀ ነው።»

«ቢወድቅስ? ወድቆም ስታንዳርድ ነው።»

«ቀጣይ!»

ወደ ጠረጴዛው ቀረብኩ።

«አንተ የስንት ዓመት ሕንፃ ነህ?» አለችኝ ጥርሷ የወለቀው።

«ሕንፃ አይደለሁም። ነዳፊው ነኝ።»

መዝጋቢዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እሰይ!» አለ አንዱ ከወንበሩ ዘሎ። «በእግሩ መጣ!» እናም ሜትር ሰጡኝ። «ለካ።»

ሜትሩን ሳብኩት። ቁጥር የለበትም። ቁጥር በሚኖርበት ቦታ ስም ተጽፏል። መጀመሪያ ዘሪቱ፣ ቀጥሎ ከድር፣ ቀጥሎ እሸቱ።

«ይህ ሜትር የት ነው የተሠራው?»

«መምህር አፍ ውስጥ» አለች። «መምህሯ ወረቀት ሳታይ የምትጠራውን ያህል ነው ርዝመቱ።»

ወዲያው አንዱ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ከጥቁር ሰሌዳው ጀምሬ ወደ ኋላ ዘረጋሁት። ደንቡ ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ነው፤ ሦስት ጊዜ ለካሁ። ሜትሩ ሦስቱንም ጊዜ ከክፍሉ ሲሦ ላይ አለቀ። አማካዩ ሃያ ሰባት ስም ተኩል ሆነ።

«ተኩሉ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«እሱ ዓለሙ ነው። ገበያ ቀን እናቱን ስለሚያግዝ ሁልጊዜ አይመጣም። ስሙን ግን እናውቀዋለን።»

ሜትሩ ካለቀበት ወዲያ ያሉት ልጆች በፊታቸው ፋንታ ቁጥር ነበራቸው። ሃምሳ ዘጠኝ ሲያዛጋ አየሁት። ደነገጥኩ፤ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ሃምሳ ዘጠኝ እኔ ነበርኩ።

«የግራህንስ?» አለችኝ መዝጋቢዋ።

«እሱ የግሉ ነው!» ብለው ጮኹ ኢንጂነር ዋሴ። «ለስብሰባ አልቀረበም! ቃለ ጉባኤ የለውም!»

ጥቅሉን ፈታሁት። ወረቀቱ ከእጄ አምልጦ ተተረተረ፤ ሜዳውን አለፈ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ማዶ ደርሶ ቆመ። ከዚያ መስመሮቹ ከወረቀቱ ላይ ተነሡ። ግድግዳዎቹ በእርሳስ እንደተሰመሩ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሠርቼ በላጲስ ባጠፋሁባቸው ቦታዎች ላይ ስስ ጭጋግ ነበር።

ልጆቹ ማኅተማቸውን ጥለው ሮጡ። እኔና ኢንጂነር ዋሴም ተከተልን።

አራት ትንንሽ ቤቶች በአንድ ሜዳ ዙሪያ ቆመዋል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ በርና የራሱ በረንዳ አለው። በአንዱ ቤት ዘጠና ስድስት ልጆችና አራት መምህራን ይኖራሉ፤ ልጆቹም መምህራኑም ሦስት ዓመት ከዚያ ቤት አይለወጡም። አራቱ ክፍሎች በአንድ አዳራሽ ዙሪያ ናቸው። የመምህራኑ ጠረጴዛ ሩቅ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን አዳራሹ ውስጥ ነው። የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ ስድሳ ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ተቀምጦ ደጁን እንዲያይ። ለአምስት ልጅ የሚሆን ጥግ አለ፣ ለሁለት የሚሆን አለ፣ ብቻውን መሆን ለሚፈልግ ደግሞ የአንድ ሰው ጥግ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ኢንጂነር ዋሴ። «ጉሊት ነው ወይስ ትምህርት ቤት? ሰልፉ የት ሊቆም ነው?»

«ሰልፍ አያስፈልግም። በአራት በር ነው የሚገቡት።»

«ሰልፍ የሌለበት ትምህርት ቤት!» ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ወደ አንዱ ቤት ገባን። መምህራኑ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን ያወጣሉ፤ «እኔ! እኔ! ዛሬ እኔ ላስተምር!» እያሉ ይንጠራራሉ። ልጆቹ እየመረጡ ያስነሣሉ። «እርስዎ ትናንት አስተምረዋል፤ ዛሬ መምህር ጀማነሽ ይሞክሩ። አይፍሩ።» በአዳራሹ በር ላይ ደግሞ ለደወል የሚመታው የመኪና ቸርኬ ከዛፉ ወርዶ መጥቶ ያንኳኳል።

«ጨርሳችኋል? ልደወል?»

«ትንሽ ቆይ!»

«ችግር የለም» ይላል ቸርኬው፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ።

ጥርሷ የወለቀው ልጅ ኢንጂነር ዋሴን እጃቸውን ይዛ ለአንድ ሰው ወደተሠራው ጥግ ወሰደቻቸው። ለሁለት ጠበባቸው፤ ግን ተጣጥፈው ተቀመጡ።

«ስምህ ማነው?»

«ኢንጂነር ዋሴ።»

«ኢንጂነር የአባትህ ስም ነው?»

«አይደለም። ዋሴ።»

«ዋሴ፣ ያልገባህ ነገር ምንድን ነው?»

ኢንጂነሩ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ከእኔ በቀር የሚሰማ አልነበረም፤ ጥጉን የነደፍኩት ለዚህ ነው።

«ክፍልፋይ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አራተኛ ክፍል ላይ አለፈኝ። ሰማንያ ሦስት ነበርን። እጄን ላወጣ ስል ተደወለ። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው አላገኘሁም።»

«አይዞህ፣ ደወሉ ይጠብቃል» አለችና ከቦርሳዋ ዳቦ አውጥታ ለሁለት ቆረሰችው። ከዚያ ግማሹን እንደገና ለሁለት። ኢንጂነር ዋሴ ቁራሹን በመዳፋቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይኸው ነው እንዴ?» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ይኸው ነው?» እናም እንደ ልጅ ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ አይቼያቸው አላውቅም።

ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ አጣራለሁ፤ ወረቀቴን አውጥቼ እያንዳንዱን ነገር ከፕላኑ ጋር አመሳከርኩ። በሩ፣ ልክ። ደፉ፣ ልክ። ጥጉ፣ ልክ። አንድ ነገር ብቻ አልተስማማም። ከአዳራሹ መሃል ወፍራም ምሰሶ ቆሟል።

«ይህን እኔ አልነደፍኩም» አልኩ።

«ታውቀዋለህ ግን» አለ የሴት ልጅ ድምፅ ከምሰሶው ጀርባ።

እውነቷን ነው፤ አውቀዋለሁ። ይህም ሕልም አይደለም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የስታንዳርዱ ፕላን ፎቶ ኮፒ ሲደረግ አንድ ዝንብ መስታወቱ ላይ ተጨፈለቀ። ከአራቱ ክፍሎች በመጨረሻው መሃል ላይ ጥቁር ነጥብ ወጣ። ሥራ ተቋራጩ ነጥቡን ምሰሶ ነው ብሎ ገነባው። ምሰሶው ጣሪያውን አይሸከምም፤ እንዲያውም ሦስት ጣት ሲቀረው ነው የሚያልቀው። ነገሩን የደረስኩበት በአራተኛው ትምህርት ቤት ነው። ደብዳቤ ጻፍኩ። ከሦስት ወር በኋላ መልስ መጣ፤ «ምሰሶው የስታንዳርዱ አካል ስለሆነ ባለበት ይቀጥል።» ደብዳቤውን በኋላ ከግራው ፕላን ጋር ጠቀለልኩት። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ነጥቡን በገዛ እጄ፣ በኮምፓስ፣ አሳምሬ ሣልኩት።

የአዳራሹ አራት በሮች ተከፈቱና ልጆች መግባት ጀመሩ። ሁሉም አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገዋል።

«እናንተ ደግሞ እነማን ናችሁ?» አልኩ።

«ከምሰሶው ጀርባ የተቀመጥን ነን።»

«አንገታችሁ ምን ሆኖ ነው?»

«ሰሌዳው በዚህ በኩል ነው የሚታየው» አለ አንዱ።

ቆጠርኳቸው። በአንድ ትምህርት ቤት ከምሰሶው ጀርባ ሦስት ዴስክ አለ፤ በዴስኩ ሦስት ልጅ። ለአርባ ሦስት ሲባዛ ሦስት መቶ ሰማንያ ሰባት። እዚያ ስደርስ አላቆሙም። «የአምናዎቹ ከኋላ እየመጡ ነው» አሉኝ። «የካቻምናዎቹም።»

«ምን ላድርግላችሁ?»

«ምን እንደሆነ ንገረን» አለች ከምሰሶው ጀርባ ያለችው። ልታየኝ ስትሞክር ምሰሶው ይመጣል፤ ላያት ስሞክር ምሰሶው ይመጣል። «ከፊታችን የቆመው ምንድን ነው?»

«ዝም በል!» አሉ ኢንጂነር ዋሴ፤ ዳቦው በጉንጫቸው ነው። «አንዱን ዝንብ ነው ካልክ እኮ አርባ ሦስቱም ዝንብ ነው። ማን ሊጠየቅ ነው?»

አፌን ከፈትኩ። በሕልም እንደሚሆነው ድምፄ አልወጣም።  ሕፃናቱ አንገታቸውን አዘንብለው ይጠብቃሉ።

«ቀስ ብለህ» አለች ከምሰሶው ጀርባ ያለችው ልጅ። «እዚህ ደወሉ ይጠብቃል።»

«ችግር የለም» አለ ቸርኬው ከደጅ።

ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

«ዝንብ ነው!» አልኩ።

ምሰሶው ተንቀጠቀጠ። እዝዝዝ አለ። ከሁለት ጎኑ ልስኑ ተሰነጠቀና ሁለት ክንፎች ወጡ። ከወለሉ ተነቅሎ አዳራሹን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ከዚያ በመስኮቱ ወጣ። ደፉ ዝቅ ያለ ስለሆነ አልተቸገረም። ማዶ ላይ አርባ ሦስቱ ሕንፃዎች ቆርቆሯቸውን ገርበብ አደረጉ፤ ከእያንዳንዳቸው አንድ ጥቁር ነገር እየጮኸ በረረ። ልጆቹ አንገታቸውን አንድ በአንድ ማቅናት ጀመሩ። ኢንጂነር ዋሴ እንኳ አጨበጨቡ።

ምሰሶው ከነበረበት ቦታ ጀርባ መጀመሪያ ጫማ አየሁ። ከዚያ የዩኒፎርም ጫፍ። ከዚያ…

«ዝንብ ነው! ዝንብ ነው!»

«የምን ዝንብ ነው በጠዋቱ?» አለች ባለቤቴ ጥሩወርቅ፣ ትከሻዬን እየነቀነቀች። «ተነሥ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ስብሰባ አለህ አላልክም?»

ናርዶስ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማለች። አንገቷን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ ታየኛለች። ሁለተኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ እንዲህ ነው የምታየው። እኔ ከእናቷ ወገን የወረሰችው መስሎኝ ነበር፤ ጥሩወርቅ ደግሞ ከእኔ ወገን።

«ናርዶስ፣» አልኳት፤ «ክፍል ውስጥ የት ነው የምትቀመጪው?»

«ከጋሽ ሲሚንቶ ጀርባ።»

«ጋሽ ሲሚንቶ ማናቸው?»

«ምሰሶው ነዋ!» ሳቀች። «እኛ ነን ስም ያወጣንለት። ጥሩ ነው እኮ አባ፤ እንቅልፍ ሲመጣ ይደብቃል።»

«መምህርሽስ ስምሽን ታውቃለች?»

«ቲቸር?» ነገሩ ገረማት። «እስካሁን መች አየችኝ!»

ተነሥቼ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ጥቅሉን አወረድኩ። አቧራውን አራገፍኩ። ደብዳቤው ውስጡ ነበር። ጫማዬን አስሬ፣ ጥቅሉን በግራ ብብቴ ይዤ በሩን ስከፍት ናርዶስ ከኋላዬ ጠራችኝ።

«አባ! ስብሰባው ላይ ከፊት ተቀመጥ እሺ፤ አለዚያ አያዩህም።»